ቁልፉ የጠፋው ካቢኔት

ወረዳ ንብረት ክፍል እየሰራሁ ያጋጠመኝ ነው። መጋዘናችን የአይጥ መራቢያ ሆኖ ነበር፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ያለቀ ጎማ፣ የማይሰራ ፎቶኮፒ ማሽን፣ ምን የሌለ አለ። የመንግስት ዕቃ ደሞ እንደ ቤት ዕቃ ቆራሌው ሲያልፍ ጠርተህ አትሸጠውም። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው አንድ በአንድ አይቶ ይሄ ይጠገን፣ ይሄ ለሌላ መስሪያ ቤት ይዛወር፣ ይሄ ይሸጥ ብሎ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ መነሻ ዋጋ ይወጣል፣ የበላይ ያጸድቃል፣ ከዛ ነው ጨረታ። ያሸነፈውም ብሩን ገቢ አድርጎ ሞዴል 22፣ ማለትም የንብረት ወጪ ደረሰኝ፣ ካልተቆረጠለት ጥበቃው በር አያሳልፈውም። ወረቀት ላይ ሁሉም ልክ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ቆጠራው የደረሰው ሰኔ ላይ፣ በጀት መዝጊያ፣ ሰው ሁሉ ራሱ ዞሮበት። ጥግ ላይ ባለ 4 መሳቢያ የብረት ካቢኔት አለ፣ ዝገት የበላው፣ የተቆለፈ። "ቁልፉስ?" ስል አንዱ "የያዘው ሰውዬ ከተዛወረ ስንት አመቱ፣ ባዶ ነው እለፊው" አለኝ። አለፍኩት። ትንሽ ገፋ ባደርገው እኮ ክብደቱ ይነግረኝ ነበር! "ካቢኔት፣ 1፣ አገልግሎት የማይሰጥ" ብዬ ጻፍኩ፣ በጨረታው ከብረታ ብረቱ ምድብ (ሎት) ጋር ተሸጠ።

በሶስተኛው ቀን ገዢው ደወለ። "እህቴ፣ ይሄን ነገር አራት ሰው ነው ያወረደው፣ በዲጂኖ ስፈለቅቀው ወረቀት ሞልቶታል።" እየሮጥኩ ሄድኩ፣ በቆርቆሮና በፌሮ ክምር መሃል ሶስት መሳቢያ ሙሉ የመሬት ፋይል፣ ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ የውርስ ማስረጃው፣ ባለጉዳይ "ፋይልዎ ጠፍቷል" እየተባለ የሚመላለስበት ሁሉ እዛ ነው። ልጁ ደሞ አንዱን እያገላበጠ "እኔ እኮ ከነውስጡ ነው የገዛሁት" አይለኝም? እየቀለደ ይሁን የምሩን አላወቅኩም፣ ልቤ ቀጥ አለች። ደግነቱ የጨረታው ዝርዝር ላይ ያለው ካቢኔት ብቻ ነው፣ ፋይል የሚል የለም፣ እሱን ሳሳየው ሳቀና "በሉ የወዛደሩን ብቻ ክፈሉ" አለ። ለእንዲህ አይነት ወጪ የሚሆን የሂሳብ መደብ ከየት ይመጣል፣ ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን።

አሁን የተቆለፈ ነገር ካየሁ ቁልፍ ሰሪ ሳይመጣ አልፈርምም። "ታካብጃለሽ" ይሉኛል። አምና አንዱን ግማሽ ቀን ታግለን አስከፈትን፣ አፉ የተሸረፈ ጀበናና ሶስት ሲኒ ወጣ።