«አዲስ አበባ ድረስ ስንት ታንክ ይጨርሳል?»

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደውሎ የጠየቀኝ ይህንን ነው። ፌስቡክ ላይ ከአውሮፕላኔ አጠገብ ቆሜ አይቶኛል። «በራስህ አውሮፕላን ለፋሲካ ብቅ በልና አንድ ዙር አዙረን እንጂ!» አለኝ። መሃል ላይ አትላንቲክ የሚባል ውሃ አለ ብዬ ባስረዳው «ታዲያ መንገድ ላይ ትቀዳለሃ» ብሎ ዘጋው።

እዚህ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለው ሐበሻም አይሻልም። ግማሹ ጄት የገዛሁ ይመስለዋል። መዋጮ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ሆኗል።

እኔ ቀን ቀን የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። አውሮፕላኑ አርቪ-7 ይባላል። ሁለት ወንበር አለው፣ ኦሪገን ካለው ቫንስ ከሚባል ፋብሪካ በሣጥን በሣጥን እየመጣ ቤት የሚገጣጠም ነው፤ የገጣጠምኩትም እኔው ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ አማተር ከሠራው «ኤክስፐርሜንታል» (የሙከራ) ተብሎ ይመዘገባል። እንደ ሞተሩ ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት ያለ ተሳፋሪ ትፈትነዋለህ፣ ከዚያ ሰው መጫን ይቻላል። ላሜራውን ከላሜራ ስለሚያያይዘው ሪቬት አላወራም። ስንት ቅዳሜና እሁድ እንደበላ ባለቤቴን ጠይቋት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መውደቅ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሙቀት ነው።

ቮልስ የነዳ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ራዲያተር የለም፣ ውሃ የለም። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ላይካሚንግ ነው፣ 180 የፈረስ ጉልበት። ነፋሱ ከፕሮፔለሩ ኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይገባል፣ ከሲሊንደሮቹ በላይ ይታመቃል፣ ከዚያ በመሃላቸው ወደ ታች ተገፍቶ በሆዱ በኩል ይወጣል። አቋራጭ እንዳይፈልግ ዙሪያውን በላሜራ ታጥርበታለህ፣ ላሜራው ከኮፈኑ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ደግሞ በጎማ ትዘጋለህ። ጣት የማታስገባ ክፍተት ከቀረች ነፋሱ በእሷ ያመልጥና አንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ብቻውን ይግላል። የሞተሩ ፋብሪካ ለቴስታታው የፈቀደው የመጨረሻ ሙቀት 500 ፋራናይት ነው፣ 260 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። እኔ 400 ሲያልፍ ነው ማላብ የምጀምረው። አፍንጫውን ዝቅ አድርጌ ፍጥነት እጨምራለሁ፣ ነዳጁን አበዛለሁ፣ ምክንያቱም ትርፉ ቤንዚን ራሱ ያቀዘቅዛል። ተራራው ከፊት እየመጣ ከሆነ ደግሞ ሜዳው ላይ እየተሽከረከሩ ቀስ ብሎ ከፍታ መሰብሰብ ነው እንጂ ሽቅብ መጋፈጥ የለም። መሬት ላይ ስቆምም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ነው የማዞረው።

ዴንቨርን «ማይል ሃይ ሲቲ» እያሉ ያካብዱታል። 5,280 ጫማ! ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው እኮ ይሄ ቆላ ነው። ቦሌ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። ሞተሩ ግን እንደ እኔ ደገኛ አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ የሚያቀዘቅዘው ነፋስም አብሮ ይሳሳል። እዚሁ ኮሎራዶ ሌድቪል የሚባል ከተማ አለ። አየር ማረፊያው 9,934 ጫማ ላይ ነው፣ በሰሜን አሜሪካ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ከሱ የሚበልጥ የለም፣ ላረፈ ፓይለትም የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። እኔ ወረቀቱ አልታየኝም። ከአውሮፕላኑ ስወርድ የጠዋቱ ብርድ አፍንጫዬን ቆንጠጥ ሲያደርገኝ ደብረ ብርሃን ጠባሴ የቆምኩ መሰለኝና ሆዴ ባባ።

ሐበሻ ይዞ ለጉብኝት መብረር ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ክብደት ማስላት ግዴታ ነው። አንዱን ጋሼ ኪሎአቸውን ብጠይቃቸው «ምን ልታደርገው ነው፣ በግ ልትገዛ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። አንዷ እህታችን የሠርጓን ዓመት ኪሎ ነገረችኝ፤ ሙዳየ ምሥጢር ይመስል ማንም ደፍሮ አላረማትም። ከወንበር ኋላ ያለው ቦታ ከ100 ፓውንድ በላይ አይችልም ስል ደግሞ ዳቦው፣ ቆሎው፣ የቡናው ቴርሞስ ይመጣል። ከዚያ ተሳፋሪው ፊት ለፊቱ በሕግ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነባል፦ ይህ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ ነው፣ ለመደበኛ አውሮፕላን የወጣውን የደኅንነት ደንብ አያሟላም። ማማተብ ይጀመራል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነብራስካ ውስጥ አንዲት ትንሽ አየር ማረፊያ አረፍን። እንደዚህ ያሉ ቦታዎች የሚገርም ነገር አላቸው፤ ለእንግዳ ፓይለት መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ ቁልፉ ሚስማር ላይ ነው፣ ምሳ በልተህ ቤንዚን ሞልተህ ትመልሳለህ፣ መታወቂያ የሚል የለም። በመንገዳችን ሦስተኛው ቴስታታ ከሌሎቹ ከፍ ሲል አይቼ ስለነበር ኮፈኑን ከፈትኩ። የጎማው ጠርዝ ወደ ኋላ ታጥፏል። ቀይ የሲሊኮን ማሸጊያዬን አውጥቼ ሥራ ስጀምር አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ መጣና በትከሻዬ አሻግሮ እያየ «ባለቤቱ የት ሄደ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «አይ፣ የሠራው ማለቴ ነው» አለኝ። አውሮፕላኑ ላይ ያለችውን፣ ሠሪው ተብሎ ስሜ የተቀረጸባትን የብረት ሳህን አሳየሁት። ቀላ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ተንበርክኮ እስክጨርስ የእጅ ባትሪ ያዘልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው የሆነው።

ጓደኛዬ አንድ ክርስትና ላይ ምን ብሎ ቢያወራ ጥሩ ነው? «ሞተሩ አስቸግሮን አንድ ፈረንጅ ባይደርስልን አልቆልን ነበር፤ እሱ ነው የጠገነለት።» የፈረንጁ ንቀት በአንድ ሳህን ተፈወሰ። የእኛ ሰው ግን ዓይኑ እያየ ላሜራውን የቆረጥኩትን ሰውዬ ትቶ ባትሪ የያዘውን መካኒክ አደረገው። ፀሐይን ታውቋታላችሁ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ ጣሊያን የወሰዳት፣ በ2024 የተመለሰችው አውሮፕላን። ስለ እሷ ሲወራም ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር በስሙ ይነሳል፣ አብረውት የሠሩት ኢትዮጵያውያን ግን «እና ሌሎች» ናቸው።

ፎቶዬን አይታችሁ ሻንጣ ለምታዘጋጁ ደግሞ እውነቱን እወቁ። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ የበረራ ትምህርት ሳይጀምር የመንግሥት የደኅንነት ማጣሪያ ማለፍ አለበት። አውሮፕላን በስምህ ለማስመዝገብ ቢያንስ ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። የኢሚግሬሽን ኬዝህ ፍርድ ቤት እያለ የሚሆን ነገር አይደለም። የአውሮፕላን ቤንዚን ከመኪናው በጣም ይወደዳል፣ ለሃንጋር ኪራይም ወረፋ አለ። ይልቅ ብየዳና ላሜራ ሥራ እዚያው ተማሩ፤ እኔን እዚህ ያቆመኝ የደብረ ብርሃኑ ጋራዥ ነው እንጂ ዲቪው አይደለም።

እዚህ ሆናችሁ አሳፍረን ለምትሉ፦ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ነጎድጓድ ይነሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ስል 12 ሰዓት ነው። አርፍዶ የመጣ ቁርስ በልቶ ይመለሳል።