ለጎንደሬ ግንብ

ጀርመን ባየርን ክልል ያለው ኖይሽቫንሽታይን ግንብ ስሄድ ይሄ ስድስተኛዬ ነው። ሙኒክ የሚኖር ሀበሻ እንግዳ ሲመጣበት ወይ መሀል ከተማ ያለው አደባባይ ማሪየንፕላትስ ወይ እዚህ ግንብ ነው የሚወስደው፤ ሌላ አናውቅም።

የዘንድሮው እንግዳዬ ግን ይለያል። ጎንደር አብረን ነው ያደግነው፤ አሁን ፋሲል ግንብ አስጎብኚ ነው። ፍራንክፈርት ለሥልጠና መጥቶ ሦስት ቀን ተርፎት ወደ እኔ ዘለቀ። "ግንብ ላሳይህ" ብለው፣ "ለጎንደሬ ግንብ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ረቡዕ ነበር። በሥራ ቀን ባየርን ቲኬት (የክልሉ የቀን የባቡር ትኬት) ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊት ስለማይሠራ፣ ሰዓቷን ጠብቀን ተሳፈርን። ሁለት ሰዓት ተጉዘን ፉሰን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ግንቡ ሥር ያለችው መንደር ሆሄንሽቫንጋው ደረስን። የመግቢያ ትኬቱን ቀድሜ በኢንተርኔት ቆርጫለሁ፤ የስምንት ሰዓት። ሰዓቱ ካለፈ ካለፈ ነው፣ ልመና አይሠራም።

ከመንደሩ ወደ ላይ አቀበቱ በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጋሪም አለ። ጓደኛዬ ፈረሶቹን ሲያይ መንገድ መሀል ቆመ። ሰኮናቸው ትሪ ያክላል፣ ጀርባቸው ላይ አልጋ ይዘረጋል። "ይሄማ ጋሪውንም ይበላዋል! ምን እንደሚያበላቸው ጠይቅልኝ" ብሎ እጄን ያዘኝ። የእኛን የጋሪ ፈረስ ለሚያውቅ ሰው አይፈረድበትም። ባለጋሪው ስለ ገብስና ድርቆሽ ሲያስረዳ፣ እኔም ስተረጉም፣ በሩ ላይ የደረስነው ሁለት ደቂቃ ሲቀረን ነው። "የተራራ ግንብ" የሚሉት ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ታልፋለች። እሱ ትንፋሹ እንኳ አልተቀየረም። ያለከለክሁት እኔ ነኝ።

ውስጥ ገብተን እኔ ክፍሎቹን ሳይ እሱ አስጎብኚዋን ያያል። "አየሃት? የመጨረሻው ሰው ሳይገባ አፏን አትከፍትም።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ቀልዷን የምትነግረው በሩ ላይ ነው። ሰዉ እየሳቀ ራሱ ይወጣላታል። ይሄን እወስዳለሁ!" ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ነው መሰለኝ ሰዉ ሁሉ በደንብ ያዳምጣል። ጉብኝቱ ግን ከሠላሳ አምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ይሄን አልወደደውም።

የባየርን ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ግንቡን ያስጀመረው በ1869 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከ200 በላይ ክፍሎች ታቅደው፣ ተሠርተው ያለቁት 15 ያህል ናቸው። መኝታ ቤቱን 14 እንጨት ጠራቢዎች አራት ዓመት ተኩል ለፍተውበታል። ዕዳው ሲከመር ሐኪሞች ሳይመረምሩት "አእምሮው ታውኳል" ብለው ፈረሙ፤ ከሥልጣን ወርዶ ወዲያው በሰኔ 1886 ሽታርንበርግ ሐይቅ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ግንቡ በክፍያ ለጎብኚ ተከፈተ።

ዙፋን አዳራሹ በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃል፣ ወለሉ ላይ እንስሳት በጥቃቅን ድንጋይ ተሥለዋል። የእምነበረድ ደረጃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ግን ምንም የለም። ዙፋኑ ሳይሠራ ንጉሡ ሞተ። ጓደኛዬ ባዶውን ቦታ እያየ ከሰዉ ወደ ኋላ ቀረ፤ አስጎብኚዋ ጠብቃ ወሰደችው።

ውጭ ስንወጣ፣ ግድግዳው ጡብ እንደሆነና ነጩ ድንጋይ ልባሱ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "የእኛ እስከ ውስጡ ድንጋይና ኖራ ነው።" ፋሲል ግቢ ዩኔስኮ ላይ በ1979 ሲመዘገብ ይሄኛው ገና በ2025 መመዝገቡን ስጨምርለትማ ፊቱ በራ። "46 ዓመት እንበልጣችኋለን!"

"እናንተ" ያለው እኔን ነው። ሳቅሁ፤ ግን ትንሽ ቆጠቆጠኝ።

ማሪየንብሩክ ድልድይ ላይ ሄድን፤ ከሥሩ ገደሉ 90 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ሳንቃ ነው፣ በክፍተቱ ወንዙ ይታያል። ስሜን ተራሮች ላይ ፈረንጅ ሲመራ የኖረው ሰውዬ መሀል ሳይደርስ ብረቱን ጨብጦ ደረቀ። "እዚያ ከእግሬ ሥር መሬት አለ፤ እዚህ አየር ነው!" እየጎተትኩ መለስኩት። ጾም ስለነበርና ምግብ ቤቶቹ ውስጥ ሥጋና ቺዝ የሌለበት ነገር ስላጣን፣ ድልድዩ አጠገብ ቁጭ ብለን እናቱ የላኩትን ዳቦ ቆሎ በላን። ግንቡ ፊት ለፊታችን፣ ከኋላው ሜዳና ሐይቅ። ስድስት ጊዜ መጥቼ እዚህ ተቀምጬ አላውቅም።

ባቡር ውስጥ እናቱ ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ።

"ግንብ ልታይ ነው ጀርመን ድረስ የሄድኸው?"

"አይ እማዬ፣ እሱ ነው የወሰደኝ።"

"ዳቦ ቆሎውንስ ሰጠኸው? ለእሱ እኮ ነው የላክሁት።"

ከረጢቱ ጭኔ ላይ ነበር። ለሙኒክ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶት ነበር።