ወለቃ፣ ሦስተኛው ቀናችን

ከእስራኤል ከመጣን ሦስት ቀናችን ነው። አዲስ አበባን እንዲሁ አለፍናት። ዛሬ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የእኛ የቤተ እስራኤሎች (የኢትዮጵያ አይሁዶች) የድሮ መንደር ወለቃ ገባን። ሴቶች መንገድ ዳር ሸክላ ይሸጣሉ። የዳዊት ኮከብ አሁንም ይታያል። ወደ መስጊዱም ሄድን (የእኛ ሰዎች ጸሎት ቤቱን እንዲህ ነው የሚሉት)።

እዚያ ቆሜ አያቴን አሰብኩ። በ1984 እ.ኤ.አ. እናቴን አዝለው፣ እስራኤል ለመድረስ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ። በመንገዱና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል። የአያቴም ታናሽ ወንድም እዚያ ቀረ።

አብረውን ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ እስራኤል የተወለዱ ናቸው። ስልካቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። አንዷ አፈር ቆንጥራ በሶፍት ጠቀለለች፤ ለአያቷ።

ማታ ቤት ደወልኩ። «ሸክላውን ዛሬም ይሠራሉ?» አሉኝ አያቴ እማማ። «አዎ፣ ይሠራሉ» አልኳቸው። አለቀሱ። እኔም አልቻልኩም።