ፎን የሚሉት ነፋስ

ዛሬ እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ዘርማት የምትባለው የተራራ መንደር ላይ ነፋስ ነው የዋለው። እዚህ ፎን ይሉታል፤ ከደቡብ ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ እየሞቀ የሚመጣ ነፋስ ነው። ትናንት እስከ ጉልበቴ ይደርስ የነበረው በረዶ ጠዋት ስወጣ ጨቅይቶ ጠበቀኝ። በገመድ ተንጠልጥሎ እስከ 3,883 ሜትር የሚወጣው ኬብል መኪናም በነፋሱ ተዘጋ።

እንግዲህ ያን ሁሉ ፍራንክ ከፍሎ ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ሊጫወት የመጣ ሰው የት ይሂድ? ሁሉም እኛ ሆቴል ቁጭ! ሌላ ቀን እንቁላሏን ጎርሰው ሩጫ ነበር፣ ዛሬ ግን የስኪ ሱሪያቸውን እንደለበሱ እስከ አምስት ሰዓት ቡና እየደጋገሙ በመስኮት ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ቆዩ፤ እኔም ስኒ ሳመላልስ እግሬ አለቀ።

ማታ ስወጣ ደግሞ የቀለጠው ሁሉ ተመልሶ ጠጥሯል፣ መስታወት በሉት። እንደ ዳክዬ ነው የተራመድኩት። መንደሩ ቤንዚን መኪና አያስገባም፣ ያሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ናቸው፤ ድምፅ ስለሌላቸው አንዷ ከኋላዬ ስትደርስ ደንግጬ ቂጤን መሬት ላይ አገኘሁት።

እማዬ ደውላ «በረዶው እንዴት ነው?» አለችኝ። ቀለጠ ስላት «እሰይ! ተመስገን!» አለች። እንግዶቹ በሰሟት።