ቁልፉ

ራጅ ክፍል የተቀጠርኩት ፊልም ገና በእጅ በሚታጠብበት ጊዜ ነው። አንድ ሰሞን ከዳርክ ሩም፣ ፊልም ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል፣ የሚወጣው ፊልም ሁሉ ጉም የለበሰ ሆነብኝ። ሳንባው ከጎድን አጥንቱ አይለይም። ሦስት ታካሚ ደግሜ አነሳሁ። አንዷ ምርኩዝ የያዙ እናት ናቸው። "ልጄ፣ ቅድም ያነሳኸኝ የት ገባ?" ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

"ጋሼ፣ ፊልሙ ተበላሽቶ የመጣ ይመስለኛል፤ ቢመለስስ?" አልኳቸው አለቃዬን።

ካርቶኑን ገልበጥ አድርገው ቀኑን አዩ። ጊዜው ገና ነው። "መሰለህ ወይስ አየህ?" አሉኝ።

ከዚያ የራጅን ጨረር ያገኘውን የሮንትገንን ወሬ አነሱ። ጋሼ ሮንትገንን ካነሱ ሻይ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1890 ፊላደልፊያ ውስጥ ጉድስፒድ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር ሲሠራ፣ የታጠበው የፎቶ መስታወት ላይ ሁለት ክብ ጥላ ወጣ። ከየት እንደመጣ ግራ ገባቸው፤ ወደ ጎን አደረጉት። በኖቬምበር 1895 ደግሞ ሮንትገን ጀርመን አገር ዉርዝቡርግ ላይ የብርጭቆ ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ፣ ክፍሉን አጨልሞ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ብርሃን ሊወጣ አይችልም። ግን ፈንጠር ብሎ የተቀመጠ፣ ባሪየም ፕላቲኖሳይናይድ የሚባል ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ አበራ። ሰውየው ቤተ ሙከራው ውስጥ እየበላ እየተኛ ሳምንታት ከረመ። መጽሐፍ ጋረደበት፣ እንጨት ጋረደበት፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት ጋረደበት። ዲሴምበር 22 የሚስቱን እጅ አነሳ፤ አጥንቷ ከነቀለበቷ ወጣ። ያኔ ምን አሰብክ ብሎ ለጠየቀው ጋዜጠኛ መልሱ "አላሰብኩም፤ መረመርኩ" ነበር።

"በል አንተም መርምር" አሉና የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ፊልም የጎረሰ ካሴት፣ ብርሃን የማያስገባው የራጅ ፊልም መያዣ፣ ላይ በፕላስተር ለጠፉት። ካሴቱን የፊልም ካርቶኖቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ፣ ቁልፉን ወደ ግድግዳው አዙረው አቆሙት። ቀኑን ሙሉ እንደወትሮው ስናነሳ ዋልን።

ማታ በቀዩ መብራት አጠብኩት። መጀመሪያ ግራጫ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። ቁልፍ! ጥርሶቹ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ።

ከግድግዳው ማዶ የሳንባ ራጅ ማንሻው ነው የቆመው። ግድግዳው በዚያ በኩል ጨረር የሚያግድ እርሳስ አልለበሰም። ያን መደርደሪያ ደግሞ ለእጅ ይመቸኛል ብዬ በዚያው ሰሞን ያዛወርኩት እኔው ነኝ።

ጋሼ ፊልሙን ብዙም አላዩትም። ዓይናቸው ከመደርደሪያው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ቀረ።

"ምሳህን የምትበላው እዚህ ነው?" አሉኝ።

በርጩማዋን በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ እስከ በሩ ወሰዷት።