ስህተት ለቃሚው ራልፍ ብሩክ

ሥራዬ እርማት ነው። የሰው ጽሑፍ ተቀብዬ ስህተት እለቅማለሁ። አንዴ አንድ ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉሬ ስመልስ፣ ደራሲው ለሁለት ወር ስልኬን አላነሳም። እርማቱን ግን አንድ በአንድ አስገብቶታል። ሰሞኑን ስለ ራልፍ ብሩክ ሳነብ የሆዴን የነገረኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ኋላ ላይ ግን ፈራሁት።

ብሩክ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ የአርማ ሹም ነበር። እነሱ ሄራልድ ይሉታል። ለንደን ውስጥ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ በ1484 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ይሠራል። ማን የትኛውን አርማ በጋሻው ላይ ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው፣ የዘር ሐረግ የሚመዘግበው እሱ ነው። ሹመቱ መሰላል አለው። ከታች ፐርሲቫንት፣ ከፍ ሲል ሄራልድ፣ ከላይ ደግሞ ሦስት «የአርማ ነገሥታት»። ዋናው ጋርተር ይባላል። ደመወዙን ተዉት፤ ዛሬም አንድ ሄራልድ ከመንግሥት የሚያገኘው በዓመት 17.80 ፓውንድ ነው። እንጀራው ያለው ባለጉዳይ በሚከፍለው ላይ ነው። ይህችን ክፍያ ያዙልኝ።

ብሩክ የጫማ ሰፊ ልጅ ነው። በ1580 ፐርሲቫንት፣ በ1593 ዮርክ ሄራልድ ሆነ። ከዚያ ዓይኑን የጣለው ከሦስቱ «የአርማ ነገሥታት» አንዱ በሆነው፣ ክላረንሱ በሚባለው ሹመት ላይ ነበር። በ1597 ቦታው ሲከፈት ግን የተሾመው ዊልያም ካምደን የሚባል የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። ለወጉ ያህል ለአንድ ቀን ሄራልድ አደረጉት፤ በማግስቱ ክላረንሱ ሆነ። አንድ ቀን! እኔም ብሆን አብድ ነበር።

ብሩክ የካምደንን ዝነኛ የታሪክ መጽሐፍ አነሣና በዘር ሐረግ በኩል ያገኘውን ስህተት ለቃቅሞ አሳተመ። ከነቀፋው ብዙው ትክክል ነበር። ካምደን በ1600 እትሙ ላይ ሰድቦ መለሰለት፤ ከእርማቱ ግን የተጠቀመበት አለ። ደራሲዬን አስታወሰኝ።

በ1602 ብሩክ ደግሞ በጋርተሩ በዊልያም ዴቲክ ላይ ተነሣ። «ለ23 ተራ ሰዎች አርማ ሰጥቷል» ብሎ ስም ዝርዝር አቀረበ። ከተዘረዘሩት አንዱ ሼክስፒር ነው፤ «ተዋናዩ» ብሎ ነው የጻፈው። አርማው በ1596 ለአባቱ የተፈቀደ፣ በወርቅ መደብ ላይ በሰያፍ የተዘረጋ ጥቁር ጥብጣብና በላዩ ጦር ያለበት ነው። የብሩክ ክስ የሌላ መኳንንት አርማ ይመስላል የሚል ነበር። ዴቲክና ካምደን አብረው ጦሩ ይለየዋል ብለው ተከራከሩ። የጫማ ሰፊው ልጅ የሌላውን ተራነት ሲቆጥር ደስ አይልም።

በ1616 ያደረገው ግን ከሁሉ ይብሳል። አዲሱ ጋርተር ዊልያም ሲጋር ነበር። ብሩክ የአራጎንን፣ የድሮውን የስፔን ግዛት፣ ነገሥታት አርማ አዘጋጅቶ በሰው እጅ ላከለት። «አርማውን የሚፈልገው ግሪጎሪ ብራንደን የሚባል ጨዋ ሰው ነው፤ ስፔን ነው ያለው፤ መርከቡ ሊነሣ ነውና ቶሎ ይፈርሙልን» አለ መልእክተኛው። ሲጋር 22 ሺሊንጉን ተቀበለና ፈረመ። ብራንደን ማን ሆኖ ተገኘ? የለንደን ሞት ፍርደኞችን የሚሰቅለው ሰው! ብሩክ ወረቀቱን ይዞ ወደ ንጉሥ ጄምስ ሮጠ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ግን ሁለቱንም ማርሻልሲ እስር ቤት አስገባቸው። ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማሰው የተባለው ለዚህ ነው። ሲጋር ቀድሞ ተፈታ።

እዚህ ላይ ነው የተለያየነው። ስህተት ማግኘት አንድ ነገር ነው። ሰው እንዲሳሳት ማመቻቸት ግን እርማት አይባልም።

በ1619 ብሩክ ራሱ የነገሥታትና የመኳንንት ዝርዝር አሳተመ። በስህተት የተሞላ ነበር። ሲነቅፉት በማተሚያ ቤቱ አሳበበ። (ይህችንማ በየሳምንቱ ነው የምሰማት።) አታሚው ዊልያም ጃጋርድ አልዋጠለትም። በ1622 ኦገስቲን ቪንሰንት የሚባል ፐርሲቫንት የብሩክን ስህተት የሚዘረዝር ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ፤ ያተመው ራሱ ጃጋርድ ነው፣ የራሱንም መልስ ጨምሮበት። ቪንሰንት ያን ጊዜ የያዘው ማዕረግ ሩዥ ክሯ ይባላል፤ ብሩክ በ1580 የጀመረበት ያው ወንበር።

በዚያው ሰሞን የጃጋርድ ማተሚያ ቤት ሌላ ትልቅ ሥራም ይዞ ነበር። የዚያን «ተዋናይ» ድርሰቶች ሰብስቦ ያትም ነበር፤ በ1623 ወጣ።

ብሩክ በ1625 ሞተ። ያን ጊዜም ዮርክ ሄራልድ ነበር።