የሚንቀሳቀሰው ፋብሪካው ነው ወይስ መዝገቡ?

እ.ኤ.አ. በ2015 የአየርላንድ ኢኮኖሚ ከ25 በመቶ በላይ ማደጉ ይፋ ሲደረግ፣ በአገሪቱ ያን የሚያህል አዲስ ፋብሪካም ሆነ አዲስ ሥራ አልታየም ነበር። ለዕድገቱ ዋናው ምክንያት ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ፓተንትን (የፈጠራ ባለቤትነት መብትን) እና የመሳሰለውን የአእምሯዊ ንብረታቸውን በአየርላንድ ባሉ ተቀጥላዎቻቸው መዝገብ ላይ ማስፈራቸው ነበር። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ዝውውር ቀንሶ የሚያሰላ የተለየ የብሔራዊ ገቢ መለኪያ ማውጣት ግድ ሆነበት።

አገሮች የኩባንያ ትርፍ ግብርን ዝቅ በማድረግ የውጭ ኢንቨስትመንት ለመሳብ ስለሚያደርጉት ፉክክር በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ ይታወሰኛል፤ ምክንያቱም «የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት» በሚለው ስም ማሽን ተክሎና ሰው ቀጥሮ የሚሠራውም፣ በወረቀት ላይ ብቻ ከአገር አገር የሚዛወረውም አብረው ይቆጠራሉ። በ2019 በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በዓለም ላይ ካለው የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት 40 በመቶ ያህሉ እውነተኛ ሥራ በሌላቸው ባዶ ኩባንያዎች በኩል የሚያልፍ መሆኑን ገምቷል። ያን ጊዜ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ሉክሰምበርግ በመዝገብ ደረጃ 4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ኢንቨስትመንት ይዛ ነበር።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። የምርቱን የንግድ ምልክት ወይም ፓተንት ግብር ዝቅተኛ በሆነበት አገር ያለ እህት ኩባንያ በባለቤትነት ይይዛል፤ ግብር ከፍ ባለበት አገር የሚያመርተውና የሚሸጠው ኩባንያ ደግሞ በየዓመቱ ሮያሊቲ (ምልክቱን ወይም ፓተንቱን የመጠቀሚያ ክፍያ) ይከፍለዋል። ክፍያው እንደ ወጪ ስለሚያዝ ትርፉ ከአንዱ ቀንሶ በሌላው ላይ ይታያል። በእህት ኩባንያዎች መካከል የሚሰጥ ብድርና ወለዱም ተመሳሳይ ውጤት ያመጣሉ። ፋብሪካው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ይህን ስል የግብር ምጣኔ እውነተኛ ኢንቨስትመንትን አይስብም ማለቴ አይደለም። አየርላንድ ከ2003 ጀምሮ በ12.5 በመቶ ምጣኔዋ፣ ከዚያም በፊት ለአምራቾች በሰጠችው የ10 በመቶ ምጣኔ በርካታ የመድኃኒትና የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎችን አግኝታለች፤ ነገር ግን የተማረ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር የሰው ኃይልና የአውሮፓ ገበያ አባልነትም አብረው ነበሯት። ዝቅተኛ ግብር የሚያጓጓው ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ሲሆን ነው። ማዕድን ፈላጊ ኩባንያማ (ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው) ማዕድኑ ወዳለበት መሄዱ ስለማይቀር፣ በቂ ትርፍ እስካለው ድረስ ለእርሱ የሚሰጥ የግብር እፎይታ ባይሰጠውም ይመጣ የነበረን ሰው ማባበል ይሆናል።

በጥቅምት 2021 ከ130 በላይ አገሮችና ግዛቶች የተስማሙበት የ15 በመቶ የኩባንያ ትርፍ ግብር ዝቅተኛ ወሰን ለዚህ ፉክክር ወለል አበጅቷል። ዓመታዊ ገቢው 750 ሚሊዮን ዩሮ ከደረሰ የኩባንያዎች ቡድን አንድ አገር 5 በመቶ ብቻ ቢያስከፍለው፣ ደንቡን በሥራ ላይ ያዋለው የእናት ኩባንያው አገር ልዩነቱን ሊሰበስብ ይችላል። እንዲህ ሲሆን እፎይታው ባለሀብቱን ሳይጠቅም ወደ ሌላ መንግሥት ካዝና ይገባል። አየርላንድም ከ2024 ጀምሮ ለእነዚህ ትላልቅ ቡድኖች 15 በመቶውን ተግባራዊ አድርጋለች።

ደንቡ ከሠራተኛ ደመወዝና እንደ ሕንፃና ማሽን ካለ ተጨባጭ ንብረት ጋር የተያያዘ የተወሰነ ትርፍን ከስሌቱ ውጭ ማድረጉ፣ ከወረቀቱ ይልቅ ለፋብሪካው ስለሚያደላ ተገቢ ይመስለኛል። የሚያሳስበኝ ግን ለኩባንያዎች በጥሬ ገንዘብ ተመላሽ የሚሆኑ ማበረታቻዎችን ከተራ የግብር ቅነሳ በተሻለ ዓይን ማየቱ ነው። ፉክክሩ በዚህ በኩል ወደ ድጎማ ከዞረ፣ እስካሁን ያልሰበሰበውን ግብር በመተው ሲወዳደር የቆየ ድሃ አገር፣ አሁን ከበጀቱ ቆጥሮ ከሚሰጥ ሀብታም አገር ጋር ይገጥማል ማለት ነው።